እግሬ ቆስሎ ሄጄ ልቤን ለምን ይመረምሩኛል? ስኳር ያለበት ሰው እግሩንና ልቡን አንድ ላይ የሚከታተልበት መንገድ

ሥራዬ ቁስል ማጠብና ማሸግ ነው፣ ከማያቸው ውስጥ አብዛኛው ደሞ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የእግር ቁስል ነው። እና በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ አይቀርም፣ "እኔ የመጣሁት ለእግሬ ነው፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራው) ምን ያደርግልኛል? ልቤን አላመመኝም እኮ" ይሉኛል። አንዳንዱ የምርመራ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ በዛው ይቀራል፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ፋሻ እየጠቀለልኩ ሁሉንም ማስረዳት ስለማልችል ከነአሠራሩ እዚህ ጻፍኩት፣ ለራሳችሁም ለምትንከባከቡት ሰውም ይሆናል።

መልሱ አጭር ነው። ስኳር ከፍ ብሎ ለዓመታት ሲቆይ ደም ስርንም ነርቭንም ይጎዳል። ደም ስር ሲጠብ እግር ላይ ብቻ መርጦ አይጠብም፣ ልብን የሚመግበውም ወደ ጭንቅላት የሚሄደውም አብሮ ይጠባል። በስኳር ምክንያት እግራቸው ከቆሰለ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የእግራቸው ደም ስር የጠበበ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ለሃርት አታክና ለስትሮክ ያላቸው ተጋላጭነትም ከሌላው ስኳር ካለበት ሰው ይበልጣል። ነርቩም እንደዛው ነው፣ ሚስማር ሲወጋው ያልተሰማው ሰው ልቡ ደም ሲያጥረውም ደረቱን ላያመው ይችላል። በዛ ላይ ልብ ሲደክም እግር ያብጣል፣ ያበጠ እግር ላይ ያለ ቁስል ደሞ ለመዳን ይቸገራል። እግራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረታችሁ ላይ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት፣ ከታች ካሉት አንዱ እንኳን ካለ ማንበቡን ትታችሁ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦

- ቁስሉ ዙሪያ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ወይ ቆዳው ከጠቆረ (ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ስኳር ያለበት ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል)
- አንዱ እግር ድንገት ቀዝቅዞ ከነጣ፣ ወይ ድንገት በጣም ካመመ ወይም ከደነዘዘ። ደም ስሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ሰዓታት ናቸው የሚወስኑት
- አንዱ እግር ትኩስ፣ ቀይና ያበጠ ከሆነ፣ ቁስል ባይኖረውም ባያምም
- ደረት መጨነቅ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ህመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም
- ፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ አንድ እጅ መዛል፣ አፍ መተሳሰር

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ትንሽ መስታወት፣ ወይም ካሜራና መብራት ያለው ስልክ
- የደም ግፊት መለኪያ፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው (የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል)
- የስኳር መለኪያ
- የሰውነት ክብደት መለኪያ
- ሽታ የሌለው ቅባት፣ ቫዝሊንም ይሆናል
- የጥፍር ሞረድ
- ንጹህ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ኖርማል ሳላይን (ቁስል ማጠቢያ የጨው ውሃ)
- ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ካልሲ፣ ለምን ነጭ እንደሆነ ከታች ትደርሱበታላችሁ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ሌላ ሰው። ለ2ኛው እርምጃ የግድ ያስፈልጋል፣ አይናችሁ ከደከመ ወይም ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ ለ1ኛውም

1. በየቀኑ እግራችሁን እዩ

ማታ ካልሲ ስታወልቁ አድርጉት፣ ምክንያቱም የቀኑ ጉዳት የሚታየው ያኔ ነው። መጀመሪያ ካልሲውን ራሱን ገልብጣችሁ እዩ፣ ነጭ ካልሲ ላይ የደም ወይ የመግል ጠብታ ወዲያው ይታያል፣ ጥቁር ላይ ግን ምንም አይታይም። ከዛ የእግራችሁን ጀርባ፣ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ በጣቶቹ መሃል አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ። ውስጥ እግሩን ለማየት መስታወቱን መሬት ላይ አስቀምጡና እግራችሁን ከላዩ አንሱ፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ፎቶው ደሞ ከትናንቱ ጋር ለማወዳደር ይጠቅማል።

የምትፈልጉት ምንድን ነው፣ የተሰነጠቀ ቆዳ፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ ቀይ ነጥብ፣ የደነደነ ቆዳ፣ የቀለም ለውጥ፣ እብጠት። የደነደነ ቆዳን ሰው ይንቀዋል ግን እዛ ቦታ ላይ ጫና እየበዛ ነው ማለት ነው፣ ከሥሩ ሲታይ ብዙ ጊዜ ቁስል ጀምሯል። በተለይ ደንድኖ መሃሉ የጠቆረ ወይ ደም የቋጠረ ከሆነ ቁስል ነው ብላችሁ ያዙት።

"ቢያመኝ አውቅ ነበር" የሚል ሰው ካለ ይሄን ልንገረው። አንድ አባት ለሌላኛው እግራቸው ፋሻ ልቀይርላቸው መጥተው፣ ደህና ነው የሚሉትን እግር ጫማውን አውልቁልኝ አልኳቸው። ከጫማው ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ወደቀ። ከጠዋት ጀምረው ሲረግጡት ውለዋል፣ አራቱ የቁልፉ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ውስጥ እግራቸው ላይ ታትመው ነበር፣ ቆዳው ቀልቶ ሊከፈት ትንሽ ነው የቀረው። እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም።

2. በወር አንዴ የመንካት ቴስት አድርጉ

ይሄ ኢፕስዊች የሚባለው የንክኪ ቴስት ነው፣ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። የሚመረመረው ሰው ጫማና ካልሲ አውልቆ ይተኛና አይኑን ይጨፍን። ሌላኛው ሰው በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የእግር ጣቶችን ጫፍ በስሱ ይንካ፣ ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ ብቻ። የተነካው ሰው ሲሰማው "ቀኝ" ወይም "ግራ" ይበል።

ቅደም ተከተሉ፦ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ የቀኝ የመሃል ጣት፣ የግራ የመሃል ጣት። በድምሩ 6 ናቸው።

ከ6ቱ 2 ወይም ከዛ በላይ ካልተሰማ የእግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ነው፣ ቀጠሮ ያዙ። እዚህ ጋ የሚበላሸው ነገር፣ ቤተሰብ ስለሚራራ ጠንከር አድርጎ ይጫናል፣ ወይ ሳይሰማው ሲቀር ይደግምለታል፣ ወይ "አሁን ተሰማህ?" ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱንም አታድርጉ። ሲጫኑት የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፣ ሲጠየቅ ደሞ ሰው ይገምታል።

ይሄ ከልብ ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ የእግር ስሜት ከጠፋ ልብን የሚቆጣጠሩት ነርቮችም ተነክተው ሊሆን ስለሚችል ነው። ስለዚህ ይሄን ቴስት የወደቀ ሰው ከዛን ቀን ጀምሮ "ደረቴን ካላመመኝ ልቤ ደህና ነው" ማለቱን ያቁም። አንዲት እናት ነበሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ጥቂት እርምጃ ነው፣ ሁለቴ ቆመው አረፉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፣ እጃቸውን ስይዝ ቀዝቅዟል። "ደረትዎን ያሞታል?" ስላቸው "ኧረ ምንም፣ ደክሞኝ ነው ልጄ" አሉኝ። ፋሻውን ትተን ኢሲጂ ተነሱ፣ ሃርት አታክ ነበር።

3. ደም ወደ እግር እየደረሰ መሆኑን እዩ

እግራችሁን በእጃችሁ ጀርባ ንኩና ሁለቱን አወዳድሩ። አንዱ ከሌላው ከቀዘቀዘ፣ ቆዳው ከሳሳና ካብረቀረቀ፣ ጣቶቹ ላይ የነበረው ፀጉር ከጠፋ የደም ዝውውር እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። ከዛ ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦

ስሄድ ባቴን እየያዘኝ ቆም ስል ይለቀኛል? ይሄ የእግር ጡንቻ ደም እያጠረው ነው ማለት ነው፣ ልብ ደም ሲያጥረው ደረት እንደሚጨንቀው ማለት ነው፣ ቦታው ነው የሚለየው። ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎች ግን ይሄም ህመም ላይሰማቸው ይችላል፣ ህመም የለም ማለት ደም ስሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

ማታ ተኝቼ እግሬን እያመመኝ ከአልጋ ወደ ታች ሳንጠለጥለው ይሻለኛል? ይሄ በጣም የጠበበ ደም ስር ምልክት ነው፣ ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠበቅ አይደለም፣ በማግስቱ ሂዱ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። እግር ሲንጠለጠል ቀልቶ ወደ ላይ ሲነሳ የሚነጣ ከሆነ፣ ሰው ቅላቱን አይቶ "ደም በደንብ እየደረሰ ነው" ይላል። በተቃራኒው ነው፣ ደሙ የሚደርሰው ወደ ታች ስለተንጠለጠለ ብቻ ነው።

4. እብጠት ካለ አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም?

ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ባለው አጥንት ላይ በአውራ ጣታችሁ ለ5 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ልቀቁ። ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ አለ።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ ኢንፌክሽን፣ የረጋ ደም፣ ወይም ሻርኮ የሚባለው የአጥንት ችግር ሊሆን ይችላል። ሻርኮ ማለት ስሜት ያጣ እግር አጥንቶቹ ሳይታወቅ እየተሰበሩና ከቦታቸው እየወጡ ሲሄዱ ነው፣ እግሩ ይሞቃል ይቀላል ያብጣል ግን ብዙም አያምም፣ ሰውየውም ስላላመመው እየሄደበት እግሩን ጨርሶ ያበላሸዋል። እንደዚህ አይነት እግር ካያችሁ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ መሬት አይርገጥ።

ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ነው የምናስበው። በየቀኑ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላና ከመብላታችሁ በፊት ክብደታችሁን ለኩና ጻፉ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ወይም ከዛ በላይ ከጨመረ የበላችሁት ምግብ ሳይሆን የተጠራቀመ ውሃ ነው። በዛ ላይ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ወይም ትራስ መደራረብ የጀመራችሁ ከሆነ የልብ ድካም ሊሆን ስለሚችል ሐኪማችሁ በዛው ቀን ይወቅ። ለቁስሉም ቢሆን ውሃው መውረድ አለበት፣ ያበጠ እግር ትናንት ልኩ በነበረው ጫማ ዛሬ ይቆስላል።

⚠ ለእብጠቱ ብላችሁ የሚያጠብቅ ካልሲ ወይም ጠበቅ ያለ ፋሻ በራሳችሁ አታድርጉ። ደም ስሩ የጠበበ እግር ከሆነ የቀረችውን ደም ትዘጉበታላችሁ። መጀመሪያ የደም ዝውውሩ ይለካ። እግርን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መተኛትም እንደዛው፣ ደም ስሩ ለጠበበ ሰው ህመሙን ያባብሰዋል፣ ጠይቃችሁ አድርጉት።

5. ግፊትን ተኝታችሁም ቆማችሁም ለኩ

ለወትሮው ግፊት ስትለኩ 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ፣ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ፣ ክንዳችሁን በልባችሁ ትክክል አድርጋችሁ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ሲጋራም ቡናም የለም። ስኳር ላለባቸው ለብዙ ሰዎች የሚፈለገው ከ130/80 በታች ነው፣ የእናንተን ቁጥር ግን ሐኪማችሁ ነው የሚወስነው።

በወር አንዴ ደሞ እንደዚህ አድርጉ፦ 5 ደቂቃ ተኝታችሁ ለኩ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ተነሱና ቆማችሁ በ1ኛው ደቂቃ እና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። የሚደገፍ ነገር አጠገባችሁ ይኑር። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዛ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዛ በላይ ከወረደ ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። ምክንያቱ ደሞ፣ ስንቆም ደም ስሮችን ጠበብ የሚያደርጉት ነርቮች ከተጎዱ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ያዞረዋል ይወድቃል፣ ስሜት በሌለው እግር ላይ መውደቅ ደሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። እግሩ ሥር ቁስል ያለበትና እንዳይረግጥ የተነገረው ሰው ይሄንን ቤት አያድርገው፣ ክሊኒክ ይለካለት።

የግፊት መለኪያው የልብ ምትም ያሳያል። ቁጭ ብላችሁ አርፋችሁ በተደጋጋሚ ከ100 በላይ ከሆነ እሱንም ጻፉት፣ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል።

6. አጥቡ፣ አድርቁ፣ ቅቡ

ለብ ባለ ውሃ፣ ከ37 ዲግሪ ባልበለጠ። ሙቀቱን በእግራችሁ ሳይሆን በክርናችሁ ሞክሩ፣ የተሻለ ደሞ ስሜቱ ያልተጎዳ ሰው ይሞክርላችሁ። አትዘፍዝፉት፣ መዘፍዘፍ ቆዳውን አለስልሶ ለጀርም ይከፍተዋል። በጣቶቹ መሃል በደንብ አድርቁ፣ እዛ እርጥበት ሲቀር ፈንገስ ይገባል፣ ፈንገሱ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ለኢንፌክሽን በር ይሆናል። ቅባቱን እግሩን ሁሉ ቀቡ፣ በጣቶች መሃል ግን አትቀቡ። ነርቭ ሲጎዳ እግር ማላብ ያቆማል፣ ለዛ ነው ተረከዙ ደርቆ የሚሰነጠቀው።

ጥፍር ቀጥ ብሎ ነው የሚቆረጠው፣ ጠርዙን በሞረድ ማለዘብ በቂ ነው። ካላያችሁ ወይ ስሜት ከሌለ ሌላ ሰው ይቁረጥላችሁ። የደነደነ ቆዳ በምላጭ አይነካም፣ ቆዳ የሚያሟሟ ፕላስተርም አይለጠፍም፣ አሲዱ ደህናውንም ቆዳ ይበላዋል።

7. ጫማ

ከመልበሳችሁ በፊት ሁሌ እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱ፣ አራግፉ። ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ጎኑም አያጣብቅ። ከሰዓት በኋላ ለኩ፣ እግር ያኔ ነው ትልቅ የሚሆነው። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ፣ አውልቃችሁ እግራችሁን እዩ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ቤት ውስጥም ባዶ እግር የለም።

8. ቁስል ካገኛችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን

ሀ. ቁጭ በሉ፣ በዛ እግር መሄድ አቁሙ። እያንዳንዱ እርምጃ ቁስሉን እንደገና ይቀጠቅጠዋል፣ ጥሩ መድሃኒት እየተደረገለት የማይድን ቁስል ብዙ ጊዜ የሚረገጥበት ቁስል ነው።

ለ. እጃችሁን ታጠቡና ቁስሉን በሳላይን ወይም በሚፈስ ንጹህ ውሃ እጠቡት። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ፣ የሚያቃጥል ነገር አታፍሱበት፣ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይገድላል። ዱቄትም ቅጠልም አይደረግበት።

ሐ. በንጹህ ጎዝ ሸፍኑት፣ ፋሻውን ላላ አድርጉት። ፕላስተሩ ቆዳውን ዙሪያውን አይሰር።

መ. ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉ።

ሠ. ስኳራችሁን ለኩ። ኢንፌክሽን ሲኖር ስኳር ያለምክንያት ይወጣል፣ አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው።

ረ. በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሙያ አሳዩ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ባያምም። ቤት ያስቀመጣችሁት ትርፍ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ። ኢንፌክሽን የሌለው ቁስል አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፣ ካለው ደሞ የትኛው መድሃኒት ለስንት ቀን የሚለው መታወቅ አለበት።

ሐኪሙ ጀሶ የሚመስል ነገር እስከ ጉልበት ድረስ ቢያደርግላችሁ አትደንግጡ፣ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ለማንሳት ነው። ሊወልቅ የሚችል ከሆነ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን አታውልቁት።

9. ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይሄንን ጠይቁ

ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ የምትወስዱትን መድሃኒት ሁሉ ከነእሽጉ ያዙ። አፍራችሁ አትመለሱ፣ አንድ በአንድ ጠይቁ፦

- የእግሬ የደም ትርታ ተዳሷል? በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያየው መሣሪያ) ታይቷል?
- የቁርጭምጭሚቴ ግፊት ከክንዴ ግፊት ጋር ተነጻጽሯል? ውጤቱ (የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል) ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ስሩ ጠቧል። ስኳር ያለበት ሰው ደም ስሩ በካልሲየም ስለሚደርቅ ቁጥሩ በውሸት ከፍ ሊል ይችላል፣ ከ1.3 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው ብላችሁ አትሂዱ፣ የአውራ ጣት ግፊት እንዲለካላችሁ ጠይቁ
- ኢሲጂ ልነሳ? እብጠት ወይ የትንፋሽ ማጠር ካለ የልብ ኢኮስ (የልብ አልትራሳውንድ)?
- ኮሌስትሮሌ፣ ኩላሊቴ፣ የ3 ወር የስኳር አማካዬ ስንት ነው? ለብዙ ሰው የሚፈለገው 7 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ በዕድሜ ለገፋና ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ግን ከዛ ከፍ ይደረግለታል
- ስታቲን (የኮሌስትሮል መድሃኒት) ያስፈልገኛል? ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬልስ?
- የምወስደው የስኳር መድሃኒት ካለብኝ ቁስል ጋር ይሄዳል?

ስታቲን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም ብዙ ሰው ነው የሚያቋርጠው። "ኮሌስትሮሌ ኖርማል ነው ተባልኩ፣ ታዲያ ለምን እወስዳለሁ" ይላሉ። የእግሩ ደም ስር ለጠበበ ሰው መድሃኒቱ የሚሰጠው ቁጥሩን ለማስተካከል ብቻ አይደለም፣ ደም ስሩ ላይ የተለጠፈው ስብ ተቀዶ በድንገት እንዳይዘጋ ለመከላከልም ነው፣ የልቡንም የእግሩንም። ጡንቻ ካመማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፣ መጠን ይቀነሳል ወይ ይቀየራል፣ በራሳችሁ አትጣሉት። አስፕሪንን ደሞ በተቃራኒው፣ ጎረቤት ስለወሰደ አትጀምሩት፣ ጨጓራ ያደማል፣ ለማን እንደሚጠቅም የሚለየው ሐኪም ነው።

ሲጋራ የሚያጨስ ካለ፣ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ለእግሩም ለልቡም በአንዴ ብዙ የሚሠራለት እሱን ማቆም ነው። ለማቆም የሚረዳ መድሃኒት ስላለ ያንንም ጠይቁ።

10. እንቅስቃሴ፣ እንደ እግራችሁ ሁኔታ

ቁስል ከሌለና ሐኪም ከፈቀደ መራመድ ጥሩ ነው። ባት የሚይዘው ሰው እስኪያመው ሄዶ፣ አርፎ፣ ህመሙ ሲለቀው እንደገና መሄድ ነው ያለበት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ለወራት ሲደረግ ሳይቆም የሚሄድበት ርቀት ይጨምራል። ውስጥ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ግን መራመዱን ይተወውና ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጅና በትከሻ ይሥራ፣ ልብም ይሠራል ቁስሉም አይረገጥም። አልጋ ላይ ረጅም ጊዜ የሚተኛ ሰው ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግለትና ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ ይሁን።

ሰው የሚሳሳትባቸው

ላብን ሁሉ የስኳር መውረድ ማድረግ። ቀዝቃዛ ላብና ድካም ሲመጣ መጀመሪያ ለኩ። ከ70 mg/dL በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር ውሰዱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ስኳሩ ካልወረደ ወይም ተስተካክሎም ላቡና ድካሙ ካልቆመ ልብ ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በራሳችሁ መኪና እየነዳችሁ አይደለም።

የደነዘዘ እግርን "በረደኝ" ብሎ ማሞቅ። እሳት፣ የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ ማሞቂያ፣ ሁሉም። በዚህ የተቃጠለ እግር ብዙ አጥቤያለሁ፣ አንዱም እየተቃጠለ አልተሰማውም። ካልሲ ልበሱ፣ በቃ።

እግሬ ድሮ ያመኝ ነበር አሁን ተሻለኝ ማለት። ይጠዘጥዝና ያቃጥል የነበረ እግር ያለመድሃኒት ዝም ካለ ነርቩ ጭራሽ ስሜት አጥቶ ሊሆን ይችላል። 2ኛውን እርምጃ ያንኑ ቀን አድርጉ።

ለእግሩ አንድ ሐኪም፣ ለልቡ ሌላ ሐኪም ይዞ ሁለቱ ሳይተዋወቁ መቅረት። ደብተሩን ለሁለቱም አሳዩ። የልብ ሐኪሙ ቁስል እንዳለ ካላወቀ "በየቀኑ ተራመድ" ይላል፣ የቁስሉ ሐኪም የልብ ድካም እንዳለ ካላወቀ እብጠቱን በፋሻ ብቻ ይታገላል።

ቁስሉ ዳነ ብሎ መተው። ከዳነ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ከ10 ሰው 4ቱ አካባቢ እንደገና ይቆስላሉ፣ ስለዚህ ፋሻው በተነሳ ማግስት ማታ 1ኛው እርምጃ ይቀጥላል። ቆስሎ የሚያውቅ እግር ቢያንስ በየ3 ወሩ በባለሙያ ይታይ፣ በዛው ቀጠሮ ግፊቱም፣ ክብደቱም፣ የልብ ምቱም ይለካ።